ስሜ ሞትባይኖር ነው፦ ለልጃችሁ ያልተለመደ ስም ከማውጣታችሁ በፊት

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው አዳማ ነው። ባጄ ላይ ስሜ ሙሉውን ተጽፏል፤ ሞትባይኖር። ምጥ የያዛት እናት የስሜን መጀመሪያ ብቻ አንብባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አይቻለሁ። በዚያው ክፍል፣ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ፣ "እስቲ ማንም የሌለው ስም ንገረን" የሚሉኝ ወላጆችም ብዙ ናቸው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኔ ያየሁት ግን አያት ስታወጣው፣ አክስት በስልክ ስታስመርጥ፣ አባት ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው። ለእነሱ የምላቸውን እዚህ ልጻፈው።

ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ ከዚያ ቁረጡት

ስም ወረቀት ላይ ሲያዩት ሌላ፣ ከበር ላይ ሲጣሩት ሌላ ነው። ልጁ ስድስት ዓመት ሆኖት፣ መንገድ ላይ ኳስ ሲጫወት መሽቶበት፣ ከግቢው በር ቆማችሁ እንደምትጠሩት አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ ጥሩት። ጎረቤት እየሰማ ማለቴ ነው። አፋችሁን ከያዛችሁ ሌላ ስም ፈልጉ።

ቀጥሎ ቁረጡት። እናንተ ባትቆርጡት ሰፈሩ ይቆርጠዋል። የእኛ ቁልምጫ አብዛኛውን ጊዜ የስሙን ፊት ይዞ ጭራውን ይጥላል፤ ተስፋዬ ተስፍሽ፣ አበበ አቤ ይሆናል። ስለዚህ ልጁ በየቀኑ የሚጠራው በፊተኛው ክፍል ነው። የእኔ ሲቆረጥ የሚቀረው "ሞት" ነው። አባቴ ስሙን ሲያወጡ ሙሉውን ነው ያሰቡት፤ ፊቱን ለብቻው አላዩትም። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሜዳ ላይ ስገባ "ሞት መጣ" ይባል ነበር። አጠገቤ የምትቀመጥ ልጅ አያቷ የሞቱ ጊዜ ቦታዋን ለውጣ ሌላ ዴስክ ሄደች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እስከዛሬ አልረሳሁትም።

እፎይ ያልኩት ለትምህርት አዳማ ስመጣ ነው። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ የነበረ የአርሲ ልጅ ስሜን እንደነገርኩት "ሞቲ" አለኝ። በአፋን ኦሮሞ ሞቲ ንጉሥ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞቲ ነኝ። ልጃችሁ ግን እንዲህ ያለ ዕድል እስኪገጥመው አትጠብቁ። ቁልምጫውን ከስሙ ጋር አብራችሁ አውጡለት፤ ቤት ውስጥ በእሱ ጥሩት፤ ትምህርት ቤት ስታስገቡት ደግሞ ለመምህሯ "እኛ እንዲህ ነው የምንጠራው" በሏት። ልጆች መጀመሪያ የሰሙትን ይይዛሉ።

ከአባቱ ስም ጋር አንብቡት

የእኛ ስም ብቻውን አይቆምም። የአባት ስም ይከተለዋል፤ ልጁ አድጎ ሲወልድ ደግሞ የእሱ ስም የአባት ስም፣ ቀጥሎም የአያት ስም ይሆናል። አባትየው ይበቃል ከሆነ ልጁን ፍቅር ስትሉት "ፍቅር ይበቃል" ወጣ። አባትየው ደምሴ ከሆነ ደግሞ "ሰላም ደምሴ"። ስሞቹ ለየብቻቸው ምንም ነውር የለባቸውም።

የእኔ ሴት ልጅ ስትወለድ የሰማ ሁሉ "ሕይወት በላት" አለኝ። ሕይወት ሞትባይኖር። እውነትም ያምራል፤ ባለቤቴም ወዳው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ልጄ የአባቷ ስም ማሟያ ሆና እንድትኖር አልፈለግሁም። ከእኔ ስም ጋር ሲያያዝ ምንም የማይናገር አጭር ስም አወጣንላት።

ቀሪውን ንገሩት

የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ ነው። በእኛ አገር መሐል ላይ የቆሙ ስሞች አሉ፤ ቢያድግልኝ፣ ባይለየኝ፣ ሞትባይኖር። ቢያድግልኝ ምን? ባይለየኝ ምን? አልተጨረሱም። ልጅ የሞተበት ወላጅ ለሚቀጥለው ልጅ የሚያወጣቸው ምትኩና ማስረሻም የእነዚህ ዘመዶች ናቸው። ካሳም እንዲሁ፤ ለጠፋ ነገር የሚሰጥ ምትክ። በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡትም፣ በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብለው የነገሡትም ከዚያ በፊት የሚጠሩት ካሳ ተብለው ነበር። ይህን በልጅነቴ የነገረኝ ሰው ቢኖር ትልቅ ብርታት ይሆነኝ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ስሜን ልለውጥ ቆረጥኩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በቂ ምክንያት ያለው ሰው ፍርድ ቤት አመልክቶ ስሙን ማስለወጥ ይችላል። ማመልከቻውን አጻፍኩ። ለአባቴ ሳልነግር ማድረጉ ግን ከበደኝና አገር ቤት ገባሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን "አባባ፣ ሞት ባይኖር ምን?" አልኳቸው። ብዙ ዝም አሉ።

"ሞት ባይኖርማ" አሉ፣ "አንተና ወንድምህ ጓሮ ውስጥ በቆሎዬን ስትረጋግጡብኝ እጮህባችሁ ነበር።"

ከእኔ በፊት ወንድም እንደነበረኝ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በኩፍኝ እንደሞተ የሰማሁት ያን ማታ ነው። ማመልከቻውን በማግስቱ ቀደድኩት።

ስለዚህ አጥብቄ የምለምናችሁ ይህን ነው። በስሙ ውስጥ ታሪክ ካለ ልጁ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ንገሩት። ሜዳ ላይ የሚሰማው ትርጉም ከእናንተ የሰማውን ቀድሞ እንዳይደርስ። ታሪኩን አፍ አውጥታችሁ ለልጅ መናገር የማትችሉት ከሆነ፣ ልጁ ተሸክሞት እንዲዞር አታድርጉት፤ ሐዘኑን በሌላ መንገድ አስቡት።

አንድ ሰው ብዙ ስም ቢኖረው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ ሌላ ስም ያገኛሉ፤ የሚቆርቡበትም ፍትሐት የሚደረግላቸውም በዚያ ነው። ዐፄ ምኒልክ የክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም፣ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር። ልባችሁ የወደደው ስም ከባድ ከሆነ አብሮት ቀለል ያለ ስም አስቀምጡለት፤ አድጎ በየትኛው መጠራት እንደሚፈልግ ይምረጥ። ፍርድ ቤት ሄዶ ቢለውጠውም አትቀየሙት።

ወረቀቱ ላይ

ጤና ተቋም ከወለዳችሁ የልደት ማሳወቂያ እኛ እንሰጣችኋለን። እሱን ይዛችሁ ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የምታስመዘግቡት በ90 ቀን ውስጥ ነው። 90 ቀን ከሴት ልጅ ክርስትና እንኳ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በወለዳችሁ ማግስት ስም ለመቁረጥ አትጣደፉ። ከማዋለጃ ክፍል በችኮላ የወጣ ስም ሊያስለውጡ የሚመላለሱ አይቻለሁ።

ረጅም ስም ካወጣችሁ አንድ ቃል መሆኑን ጸሐፊው ፊት ቆማችሁ ንገሩት። የእኔን የፈተና ካርድ ያዘጋጀ ሰው ስሜን ለሁለት ከፈለው። የእኔ ስም "ሞት"፣ የአባቴ ስም "ባይኖር" ተባለ፤ አባቴ አያቴ ሆኑ። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን ለማስረዳት ወራት ፈጀብኝ። ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ካነበባችሁ በኋላ ሌላ ሰው ያንብበው።

ፊደሉንም አንዴ ወስኑ። ፀሐይ ወይስ ጸሃይ፣ ኃይሉ ወይስ ሀይሉ፣ የመረጣችሁት ከልደት ምስክር ወረቀት እስከ ፋይዳ መታወቂያ አንድ ይሁን። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። እዚህ እኛ ጋ በቁቤ ጠ የሚጻፈው በኤክስ ነው፤ የእንግሊዝኛው ወረቀት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በቲ ይጻፋል። ስሙ ውስጥ ጠ ወይም ጨ ካለ ሁለቱን አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ ያዙ።

ስሙን ይዛችሁ ላደጋችሁት

ለጠየቀ ሁሉ ሙሉውን ታሪክ አትናገሩ። እኔ ሦስት መልስ አለኝ። ባንክ መስኮት ላይ "አዎ፣ አንድ ቃል ነው" እላለሁ፤ በቃ። በደግ ፊት ለጠየቀኝ "ከእኔ በፊት ልጅ ሞቶባቸው ነው" እላለሁ። የበቆሎውን ነገር የምነግረው ለጥቂት ሰው ነው።

ለቅሶ ቤት ሙሉ ስሜን አልናገርም። የማላውቀው ሰው ከጠየቀኝ ሞቲ ነኝ እላለሁ። ስሜን አፍሬበት አይደለም፤ ያዘነ ሰው በዚያ ሰዓት ያን ቃል መስማት የለበትም። ማዋለጃ ክፍልም እናትየዋ ባጄን ሳታነብ ሞቲ ነኝ ብዬ ራሴን አስተዋውቃለሁ። አንድ ሌሊት ግን ከዚያ በፊት ሁለት ልጆች የሞቱባት እናት ባጄን በደንብ አንብባ "ማን አወጣልህ?" አለችኝ። ሁሉም ሰው "ምን ማለት ነው?" ነው የሚለኝ፤ ያቺ ሴት ግን ያወጣውን ሰው ጠየቀችኝ። ሙሉውን ነገርኳት፤ በቆሎውንም ጭምር። ምጡ ሲመለስባት "ድገመው" አለችኝ፤ ደገምኩት። እንግዳ ስም ያለው ሰው ስታገኙ እንደ እሷ ጠይቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ማን እንዳወጣው፣ መቼ፣ ለምን እንደሆነ፣ ሌላ የታሰበ ስም ከነበረም ጻፉና ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አስቀምጡት። ግማሽ ገጽ ይበቃል። አባቴ ፊደል ስላልቆጠሩ የእኔን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው እየነገሩኝ። ከልጄ ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው። የወንድሜም ስም እዚያ ተጽፏል።