ጋንቾ ካስገጠሙ በኋላ፦ የተሳቢ መብራት እንዴት ይዘረጋል?

ጋንቾው፣ ማለትም ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ፣ ቀላሉ ሥራ ነው። ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰራል፣ ያልቃል። ጣጣው የሚጀምረው ከመብራቱ ነው። ለጥምቀት ድንኳንና ወንበር ያመላልሱ፣ ሮቶ ይጫኑ፣ ከቆላድባ ጤፍ ያምጡ፣ ተሳቢው የመኪናዎን የኋላ መብራት ይጋርደዋል። ጎንደር ላይ ከፒያሳ ወደ አዘዞ እየወረዱ ፍሬን ሲይዙ ከኋላ ያለው ባጃጅ የሚያየው የተሳቢውን ስቶፕ (የፍሬን መብራት) ብቻ ነው። እሱ ካልበራ ምንም አላየም ማለት ነው።

ሥራው ረቂቅ አይደለም። የመኪና ኤሌክትሪክ ትንሽ የሞከረ ሰው ግማሽ ቀን ሰጥቶ ይጨርሰዋል። ግን ገመድ ከመቁረጥዎ በፊት ቮልቴጁን ያረጋግጡ። የቤት መኪናና ፒክአፕ 12 ቮልት ነው። ሲኖትራክና መሰል ትልልቅ መኪኖች 24 ናቸው። ተሳቢው ከዚህ በፊት በትልቅ መኪና ይጎተት ከነበረ አምፖሎቹን አውጥተው ጽሑፋቸውን ያንብቡ። የ24 ቮልት አምፖል በ12 ሲሠራ ይበራል፣ ግን እንደ ኩራዝ ነው። በዚያ ሰበብ ሽቦ ሲበጣጥሱ እንዳይውሉ።

የሚያስፈልገው መኪናው ላይ የሚታሰር ባለ 7 ፒን ሶኬት ከነስፒናው (ከተሳቢው የሚመጣው መሰኪያ)፣ ባለ 7 መስመር ገመድ፣ አራት ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ ቫልቮላ (ፊውዝ) ከነማቀፊያው፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ጥሩ ናስትሮ (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር) ነው። ርካሽ ናስትሮ ሙቀት ሲያገኘው ሙጫው ይለቅቃል። ወደ መተማ የሚወርድ ሰው ይህን አይርሳ።

ሶኬቱን ከጀርባው ይክፈቱት። በየፒኑ አጠገብ ቁጥር ተቀርጿል። አደራደሩ በአውሮፓው ደረጃ እንዲህ ነው፦

1፦ ቢጫ፣ የግራ ፍሬቻ
2፦ ሰማያዊ፣ የኋላ የጉም መብራት
3፦ ነጭ፣ ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት)
4፦ አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ
5፦ ቡናማ፣ የቀኝ ፓርኪንግ (ትንሹ የማታ መብራት)
6፦ ቀይ፣ ስቶፕ
7፦ ጥቁር፣ የግራ ፓርኪንግ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጥቁር ሽቦ ሲያይ ኔጋቲቭ ነው ብሎ ከቦዲው ጋር ያስረዋል። በዚህ ገመድ ላይ ግን ማሳው ነጩ ነው። ጥቁሩን ቦዲ ላይ ካሰሩት መብራት ባበሩ ቁጥር የፓርኪንጉ ቫልቮላ ይቃጠላል። አንዳንድ ሶኬት ደግሞ ከ1 እስከ 7 አይጻፍበትም። 31 ካዩ ማሳ ነው፣ 54 ስቶፕ፣ 58 ፓርኪንግ። ሶኬቱን ከፊት ሲያዩትና ከኋላ ሲያዩት ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ስለዚህ በዓይን አይገምቱ፣ የተቀረጸውን ቁጥር ይከተሉ።

ተሳቢው ባለ 4 መስመር ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካው አሠራር ፍሬቻንና ስቶፕን በአንድ አምፖል ያሠራል፦ ቢጫው የግራውን፣ አረንጓዴው የቀኙን። የእርስዎ መኪና ፍሬቻው ለብቻ፣ ስቶፑ ለብቻ ከሆነ በቀጥታ አይገናኙም። መቀየሪያ ሳጥን ይግዙ ወይም ተሳቢውን እንደ አዲስ ሽቦ ይዘርጉለት። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ መኪናው። የኋላውን መብራት ፈትተው የሽቦውን ሶኬት ያግኙ። በቀለም አይመኑ። መኪናው አሮጌ ከሆነ ስንት እጅ እንደነካካው አይታወቅም። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ንጹህ ብረት ላይ ያድርጉና ሰው መኪና ውስጥ ያስቀምጡ። «ግራ ፍሬቻ!» ይበሉት፣ በቀዩ ጫፍ እየነኩ ቮልቱ የሚወጣ የሚወርድበትን ሽቦ ይፈልጉ። ቀኙን፣ ስቶፑንና ፓርኪንጉን እንዲሁ። ባገኙት ሽቦ ላይ ወዲያው ወረቀት ይለጥፉበት። ፈልገው ሲጨርሱ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይንቀሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ፣ በቀጥታ ልቀጥል ወይስ በሪሌ? እንደ ቶዮታ 5ኤል ባለ አሮጌ ፒክአፕ ላይ በቀጥታ የሚቀጥሉ ሞልተዋል፣ ይሠራልም። ግን እናስላው። አንድ የስቶፕ አምፖል 21 ዋት ነው። የመኪናው ሁለቱ 3.5 አምፒር ገደማ ይስባሉ። የተሳቢው ሁለቱ ሲጨመሩ 7 ይሆናል፣ ያውም በዚያው ባረጀ ስዊች። ፍሬቻውም ጭነቱ ሲለወጥበት አመሉ ሊለወጥ ይችላል፣ ይፈጥናል ወይም ይንቀራፈፋል። ሪሌ ካስገቡ የመኪናው ሽቦ ትእዛዝ ብቻ ይሰጣል፣ ኃይሉ በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ከሪሌው 85 ወደ ማሳ፣ 86 ከመኪናው መብራት ሽቦ፣ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ ተሳቢው ሶኬት። ለግራ፣ ለቀኝ፣ ለስቶፕና ለፓርኪንግ አንዳንድ ሪሌ። ከፓርኪንጉ ሪሌ የሚወጣውን ለ5ም ለ7ም ያካፍሉት።

ከባትሪው የሚመጣው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። 15 አምፒር ቫልቮላ ያስገቡለት፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ። ቫልቮላውን ኋላ ሶኬቱ አጠገብ ማድረግ ዋጋ የለውም። ሽቦው መሃል ላይ ተፍቆ ሻንሲውን ከነካ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ነው።

መኪናዎ የመብራት ብልሽት በኮምፒውተር የሚከታተል አዲስ ሞዴል ከሆነ ግን ገመዱን ገልጠው አይቀጥሉ። ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ሞጁል አለ፣ እሱን ያስገጥሙ። ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ወጪው ከተሳቢው ሊበልጥ ይችላል።

ሲቀጥሉ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል አይበቃም። በሊድ ይበየድ፣ ወይም በደንብ የሚቆነጥጥ ማገናኛ ይደረግ፣ ከዚያ ይሸፈን። ገመዱን ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) አርቀው ይሳቡ። በብረት ቀዳዳ ሲያልፍ ጎማ ያልብሱት። በሻንሲው ላይ በየሁለት ስንዝሩ ይሰሩት። በተሳቢውና በመኪናው መሃል ያለው ገመድ ግን ላላ ይበል፣ ሲጠመዘዙ እንዳይበጠስ። አስፋልት እስኪነካ ግን አይላላ።

ማሳው ላይ ቆም እንበል። «መብራቱ አመሉ ጠፋ» ከሚባልበት ጊዜ አብዛኛው የእሱ ጥፋት ነው። አንዳንዱ ነጩን ሽቦ ትቶ «ጋንቾው ብረት አይደል እንዴ?» ይላል። ጋንቾው ግሪስ ተቀብቷል፣ ዝጓል፣ ቀለም አለበት። ጉድጓድ ውስጥ በገቡ ቁጥር ይነካል፣ ይለቃል። ስለዚህ ሦስተኛውን ፒን በወፍራም ሽቦ ያውጡና ቀለሙ እስኪለቅ በተፋቀ የሻንሲ ብረት ላይ በብሎን ይሰሩት። በተሳቢው በኩልም እንዲሁ፣ ከየመብራቱ ማሳ አንድ ሽቦ መጥቶ ስፒናው ላይ ይገናኝ።

የማሳ ችግር ምልክቱ ግራ ያጋባል። ፍሬን ሲረግጡ የተሳቢው ስቶፕ ዝም ይላል፣ የፓርኪንጉ አምፖል ግን በስሱ ይበራል። ግራ ፍሬቻ ሲያሳዩ ሌላው መብራት አብሮ ይርገበገባል። ሰው ሽቦ የተምታታ ይመስለዋል። የተምታታ ነገር የለም። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ሲጠፋ በሌላው አምፖል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል። ማጣሪያው ቀላል ነው። አንድ ረጅም ሽቦ ይውሰዱ፣ አንዱን ጫፍ የባትሪ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የተሳቢው ማሳ ላይ ያድርጉ። መብራቱ ሁሉ ወዲያው ከተስተካከለ ጥፋተኛው ተገኘ። በቴስተር ማየት ከፈለጉ ሁሉንም መብራት አብርተው በባትሪው ኔጋቲቭና በተሳቢው ማሳ መሃል ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ግንኙነቱ ደካማ ነው፣ ፈተው እንደገና ይፋቁት።

ባትሪውን መልሰው ሲያስሩ አንድ በአንድ ከሞከሩ በኋላ አብረው ያብሯቸው፦ ፓርኪንግ፣ ስቶፕና ፍሬቻ በአንድ ላይ። ለየብቻ ደህና ሆኖ አብሮ ሲሆን የሚዳከም ብዙ ነው። ፍሬቻው በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ መሃል ይብራ።

ክረምት ላይ የደምቢያ ዋልካ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል። ተሳቢውን ሲፈቱ የሶኬቱን ክዳን ይዝጉ፣ ስፒናውን መሬት ላይ አይጣሉት። ፒኖቹ አረንጓዴ ዝገት ከያዙ በደረቅ ብሩሽ ይፈግፍጓቸው።

አምፖል ሲቀይሩ ደግሞ ባለ ሁለት ክሩን፣ 21/5 የሚባለውን፣ እግሮቹን ይዩ። አንዱ ከሌላው ከፍ ይላል። በግድ ገልብጠው ካስገቡት ፓርኪንጉ እንደ ስቶፕ ቦግ ይላል፣ ፍሬን ሲረግጡ ደግሞ ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ማታ ከኋላዎ ያለው ሹፌር መቆምዎን የሚያውቀው ሲደርስብዎ ነው።