ከአለማየሁ እሸቴ ተነስቶ ሶልና ፈንክ ውስጥ እንዴት ይገባል (ሮክም ይደርሳል)

ሰሞኑን ሀዋሳ አንድ ጓደኛዬ "ሶል ሶል ትላለህ፣ እኔ ከየት ልጀምር?" አለኝ፣ ባጃጅ ውስጥ ስለነበርን ሳልጨርስለት ወረደ፣ በቃ እዚህ ልጻፍለት ብዬ ነው። ሶልና ፈንክ ማለት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው እንዳትምታቱ።

መጀመሪያ ከቤት ጀምሩ። ምርጥ መቶ ምናምን የሚል ፕሌይሊስት ከፍታችሁ እንዳትገቡ፣ እኔ እንደዛ ጀምሬ ሁሉም አንድ ዘፈን መሰለኝና ተውኩት። ይልቅ አለማየሁ እሸቴን ክፈቱ፣ አምሃ ሬከርድስ ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች። "የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን" ያሉት ዝም ብለው አይደለም፣ አጯጯሁን ስሙት፣ ትራምፔትና ሳክሱ እንዴት ጣልቃ እንደሚገቡ ስሙና ወዲያው ራሱን አሜሪካዊውን የፈንክ ዘፋኝ ጄምስ ብራውንን አስከትሉ። ዘመዳማቾች መሆናቸው ወዲያው ይገባችኋል።

ቆይ ቆይ፣ ከሱም በፊት ኤርፎን! ሁለቱም ጆሮ ላይ። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፣ ፈንክ ያለ ቤዝ ደሞ በርበሬ የሌለው ሽሮ ነው። በዛ ላይ በ60ዎቹ ስቴሪዮ ሲቀዱ ብዙ ጊዜ ግማሹን መሳሪያ በግራ ግማሹን በቀኝ ነበር የሚያደርጉት፣ እኔ አንዱ ጆሮው በተበላሸ ኤርፎን ስንት ወር ስሰማ ከርሜ አንድ ዘፈን ጭራሽ ጊታር የለውም ብዬ ስከራከር ነበር 😅

ከዛ ቁጠሩ። የጄምስ ብራውንን ኮልድ ስዌት (1967) ክፈቱና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያላችሁ "አንድ" ላይ ብቻ ጠረጴዛ ምቱ። ባንዱን በሙሉ እዛች "አንድ" ላይ ነበር የሚያሳርፈው፣ ኮርዱ ብዙም አይቀያየርም፣ ጊታሩም ሳክሱም እንደ ከበሮ ነው የሚመታው። መዳፋችሁና ባንዱ ሲገጣጠሙ ፈንክ ገባችሁ ማለት ነው።

አሁን ዋናው። ዘፋኙን አትከተሉ፣ ከኋላ ያለውን ተጫዋች ተከተሉ። ማን ቤዝ መታ፣ ማን ጊታር፣ ስሙን ፈልጉና ሌላ የት እንደተጫወተ እዩ። ለምሳሌ የሶል ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ስታክስ ስቱዲዮ ሲቀዳ ጊታሩን የያዘው ስቲቭ ክሮፐር ነው፣ ክሮፐርን ስትከተሉ ቡከር ቲ ኤንድ ዘ ኤምጂስ ላይ ትደርሳላችሁ፣ በዛ ያኔ ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ በሚኖርበት ከተማ ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ የሚጫወቱበት ባንድ። የኦቲስን ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ ግን ቤት ውስጥ አትስሙት፣ ማታ እዚሁ ሀዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ስሙት። ኦቲስ ቀድቶት በጥቂት ቀን ውስጥ ታህሳስ 1967 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ የማዕበሉንና የወፎቹን ድምፅ ክሮፐር ነው በኋላ የጨመረበት። የኛ ወፎች እዛው ስላሉ የቱ ከኤርፎኑ የቱ ከሐይቁ እንደሆነ ይጠፋችኋል።

ዲትሮይት፣ ሞታውን የሚባለው ሸክላ አሳታሚ ዘንድ ስትሄዱ ደሞ የቴምፕቴሽንስን ማይ ገርል (1964) መግቢያ አስተውሉ። ያ ሽቅብ የሚወጣው የሮበርት ዋይት ጊታር ኖታዎቹ ትዝታ ሜጀር ናቸው፣ ያው አምስቱ ኖታ። ክራር የሚመታ ዘመድ ካላችሁ አስሞክሩት።

ሮክ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ ስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን በሚባለው ባንድ በኩል ግቡ። እዛ ቤዝ የሚመታው ላሪ ግርሃም ልጅ እያለ ከእናቱ ጋር ያለ ድራመር ሲጫወት በአውራ ጣቱ ገመዱን እየመታ በሌላው ጣት እየሳበ ቤዙን ድራም አደረገው፣ ዛሬ ስላፕ የሚባለው ከዛ የመጣ ነው። ከሱ ወደ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ከዛ ፈንክና ሮክ ወደሚቀላቅለው ባንድ ፈንካዴሊክ። የፈንካዴሊክን ማጎት ብሬይን (1971) መጨረሻ ላይ አቆዩት፣ አስር ደቂቃ ሙሉ የኤዲ ሄዝል ጊታር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ ቀን ላይ በሰው መሀል አይሆንም፣ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱትና መብራት አጥፍታችሁ ተኝታችሁ ስሙት።