ቡችላዋ ከመምጣቷ በፊት

የመጀመሪያዋ ቡችላዬ ቤቴ በገባች በ10ኛው ቀን ሞተችብኝ። መጀመሪያ ምግብ እምቢ አለች። ከዚያ አስመለሳት፤ በማግስቱ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያዛት። ፓርቮ የሚባለው ቡችላ የሚገድል የቫይረስ በሽታ ነበር። ክትባት አልተከተበችም፤ እኔም ስወስዳት አልጠየቅኩም። ለዚህ ነው ቡችላ ላመጣ ነው ለሚለኝ ሁሉ ይህን የምነግረው።

8 ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ አትለዩአት። "ደርሳለች፣ ውሰዷት" የሚል አይጠፋም፤ ትቆይ በሉት። ልታመጧት ስትሄዱ አሮጌ ፎጣ ያዙና የእናቷን ጠረን እንዲይዝ እናቷ የምትተኛበት ላይ አሻሹት።

ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ በፓርቮ ሞቶ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ቫይረሱ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ሲሚንቶውን በሳሙና እጠቡ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱበትና 10 ደቂቃ ተዉት። አፈሩን ግን በረኪና በደንብ አያጸዳውም። ሁለተኛዋ ቡችላዬ ክትባቷን እስክትጨርስ ከበረንዳው አልወረደችም።

ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንቷ ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ 16 ሳምንት እስኪሞላት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። አንዴ ተወግታለች ብላችሁ እንዳትተዉት። ከእናቷ ያገኘችው መከላከያ ገና ሰውነቷ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያከሽፈዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሯ ትወጋለች፤ ከዓመት በኋላ ይደገማል። ይህኛው ልጆቻችሁንም ይጠብቃል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም ማለት ይቻላል። የትል መድኃኒቱን ሐኪሙ በክብደቷ ለክቶ ይስጣት።

ምግቧ ላይ አንድ ልማዳችን ያሳስበኛል። በዓል ሲመጣ በግ ይታረድና ሳምባው ጥሬውን ለውሻ ይወረወራል። ሳምባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ውስጡ የትል እጭ አለ። ውሻዋ ስትበላው አንጀቷ ውስጥ ያድጋል። እንቁላሉ በሰገራዋ ይወጣል፤ በልጅ እጅ በኩል ሆድ ገብቶ ሰውም ጉበት ላይ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ሳምባም ሆነ ጉበት ከመስጠታችሁ በፊት ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅሉት። እብጠት ያለበትን ጭራሽ አትስጡ፣ ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት። ወጥ የነካው እንጀራም ይቅርባት፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ኃይለኛ ትሁን ብለው ከልጅነቷ የሚያስሯት አሉ። እባካችሁ አታስሯት። ሰው ሳትለምድ ያደገች ውሻ ከፍርሃት ትናከሳለች።

የመጀመሪያው ሌሊት ታለቅሳለች። ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሙሉና በዚያ ፎጣ ጠቅልላችሁ አጠገቧ አድርጉላት። የእኔዋ አፍንጫዋን ፎጣው ውስጥ ቀብራ እስኪነጋ ተኛች።

ጠዋት መጀመሪያ ሰገራዋን እዩ። ደም ካለው፣ ወይም እያስመለሳት ምግብ እምቢ ካለች ነገ አትበሉ። ፈሳሹ ከሰውነቷ አልቆ ነው የምትሞተው፤ ያኔውኑ እቅፍ አድርጋችሁ ሐኪም ጋ ሩጡ።