የገጠር ሰው ደኑን እንዴት እንደሚጠቀምበት ለማጥናት፦ ሸክሙን ተከተሉ

ከወረዳው የድጋፍ ደብዳቤ አውጡ፣ ቀበሌውን አሳውቁ። በቀበሌ ሰው ታጅባችሁ ግን ቤት ለቤት አትዙሩ። በቅሬው (በእድሩ) ሽማግሌዎች በኩል ግቡና ለምን እንደመጣችሁ ሰው በተሰበሰበበት ተናገሩ።

መጠይቁን ለጊዜው ቦርሳ ውስጥ ተዉት። እኔ ከኮምቦልቻ በላይ፣ በየጎፍ ደን ግርጌ ባለ አንድ መንደር «በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ታወርዳላችሁ?» እያልኩ አርባ ቤት ዞርኩ። መልሱ አንድ ነበር፦ «እኛ ደኑን አንነካም፣ የምናነደው ኩበት ነው።» ይህን ስጽፍ ከጓሮው የወይራ ፍልጥ ተከምሮ ይታየኛል። ሰው አይፈረድበትም፤ ደኑ የመንግሥት ነው፣ ወረቀት የያዘ እንግዳ ደግሞ ሊከስ የመጣ ይመስላል። የሦስት ሳምንት ልፋቴን ጣልኩት።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ነው። በገበያ ቀን ገና ሳይነጋ ወደ ከተማ የሚወርደው መንገድ ዳር ቁጭ በሉ። በሰው ጀርባና በአህያ የሚወርደውን ለየብቻ ቁጠሩ። ስም አትጠይቁ፣ ፎቶ አታንሱ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ጂፒኤስም የማንንም መንገድ አይመዝግብ፣ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚገባ አታውቁትምና። ሴቶቹ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲያርፉ አስፈቅዳችሁ በተንጠልጣይ ሚዛን መዝኑ። የእናትና የልጅ ሸክም እኩል አይደለም፤ «ሸክም» ብቻ ብሎ መደመር ከንቱ ነው። ክትክታውን፣ ባሕር ዛፉን፣ ወይራውን ለዩ። እርጥቡንም ከደረቁ አትደምሩ፣ የምትመዝኑት ውሃ ይሆናል። ሴት ረዳት ከሌላችሁ ይህን ሥራ ባትጀምሩት ይሻላል።

ካርታውን መሬት ላይ በጠጠርና በቅጠል አስሥሉ፣ ወንዶችንና ሴቶችን ለየብቻ። ወንዶቹ ግጦሹንና ወሰኑን፣ ሴቶቹ ምንጩንና ጭራሮ የሚለቀምበትን ያሳዩአችኋል።

ስላለፈው ስትጠይቁ «ከስንት ዓመት በፊት» አትበሉ። «በ77ቱ ድርቅ ይህ ተረተር ምን ለብሶ ነበር? በ83 ደርግ ሲወድቅስ?» ስትሉ ሰው ጉቶውን በጣቱ እያሳየ ይነግራችኋል።

የጻፋችሁትን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ተመልሳችሁ አንብቡላቸው። እኔ ሳነብ አንዲት እናት አቋረጡኝ፦ «ልጄ፣ ይህ የበጋው ነው። ክረምት ኩበቱ አይደርቅልንም፤ ያኔ መጥተህ እየው።» በሐምሌ ሚዛኔን ይዤ ተመለስኩ።