ወደ ቴክኒካል ዳይቪንግ ሲሸጋገሩ በሬጉሌተር ምርጫ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው አንድ ነገር ቢበላሽበት ቀስ ብሎ በቀጥታ ወደ ላይ መውጣት ይችላል። ከ40 ሜትር በታች የወረደ ወይም ዲኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሰውነቱ የተጠራቀመውን ጋዝ ቀስ በቀስ ማስወጣት፣ ግዴታ ሆኖበት በየእርከኑ እየቆመ የሚወጣ ቴክኒካል ጠላቂ ግን ይህ መውጫ የለውም። በግብጽ ዳሃብ፣ ብሉ ሆል የተባለውን ጥልቅ የባሕር ጉድጓድ ከውጭው ቀይ ባሕር ጋር በሚያገናኘውና ጣሪያው 55 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኘው ቅስት ስር ያለ ሰው ከራሱ በላይ ያለው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሬጉሌተር፣ ማለትም የሲሊንደሩን ከፍተኛ ግፊት ለመተንፈስ ወደሚመች ግፊት የሚቀንሰውን ዕቃ፣ የሚመርጥ ሰው አተነፋፈሱ ምቹ መሆኑን ከመጠየቁ አስቀድሞ ዕቃው ሲበላሽ ምን እንደሚያደርግና እጁ ደርሶ ሊዘጋው መቻል አለመቻሉን መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር የሚፈጠሩ ናቸው።

ብዙዎች የሚጀምሩት የለመዱትን ዮክ ይዘው በመቀጠል ነው። ዮክ የሲሊንደሩን ቫልቭ ከውጭ አቅፎ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ ሲሆን ኦሪንጉ (ጋዝ እንዳያፈስ የሚያደርገው የላስቲክ ቀለበት) በቫልቩ ፊት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከጣሪያ ወይም ከሰመጠ መርከብ ብረት ጋር በኃይል ሲጋጭ ከቦታው ሊንሸራተትና ጋዙን ሊለቅ ይችላል። ዲን የሚባለው ማያያዣ ግን ወደ ቫልቩ ውስጥ በጥርስ የሚገባ በመሆኑ ኦሪንጉ ታፍኖ ይቀመጣል። ሲገዙ ባለ 7 ጥርሱን፣ ማለትም 300 ባር ግፊት የሚችለውን መምረጥ ይሻላል፤ ይህኛው በ200 ባር ቫልቭም ላይ ይሠራል፣ ባለ 5 ጥርሱ ግን በ300 ባር ቫልቭ ላይ አይዘጋም። ብዙ የዮክ ፈርስት ስቴጆች (ከሲሊንደሩ ጋር የሚታሰረው የሬጉሌተር ክፍል) በባለሙያ እጅ ወደ ዲን ስለሚቀየሩ፣ ነባሩን ዕቃ ከመጣል በፊት ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ስህተት የእኔም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ፈርስት ስቴጆች የገዛሁት ዋጋቸውንና የአተነፋፈስ ውጤታቸውን አንብቤ ነው፤ ቱቦዎቹ የሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ወዴት እንደሚያዩ ልብ አላልኩም። ከጀርባ በሚታዘለው ጥንድ ሲሊንደር ላይ ሳስራቸው በግራ በኩል ያለው ቱቦ ወደ ጎን ወጥቶ ከቫልቩ መዝጊያ ስር ተወተፈ። በ6 ሜትር ጥልቀት ላይ ልምምድ ስናደርግ እጄን ወደ ኋላ ልኬ መዝጊያውን ለማዞር ብሞክርም ጣቶቼ ደጋግመው የሚያገኙት ቱቦውን ነበር፤ መዝጊያውን እስካገኘው ድረስ አስተማሪው ደጋግሞ ሰዓቱን ያይ ነበር። በእውነተኛ ፍሳሽ ጊዜ ያ ሁሉ ጋዝ ወደ ባሕር ይሄድ ነበር ማለት ነው።

በተለመደው አደረጃጀት በቀኝ ቫልቭ ላይ ዋናው መተንፈሻ ያለበት 2.1 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦና የዊንጉ (ለመንሳፈፍ የሚነፋው ከረጢት) መንፊያ ይታሰራሉ። በግራው ላይ ደግሞ አንገት ላይ በላስቲክ የሚንጠለጠለው መጠባበቂያ መተንፈሻ፣ የድራይ ሱቱ (ውሃ የማያስገባው የመጥለቂያ ልብስ) መንፊያና የግፊት መለኪያው ይሆናሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የግራው መዝጊያ ከጣሪያ ጋር ሲታሸት ተሽከርክሮ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ቢዘጋ እንኳ የሚተነፍሱበትና የሚንሳፈፉበት በሌላው በኩል ይቀራል። ይህ ሁሉ ቱቦ ወደ ታች ተኝቶ እንዲወርድ ቢያንስ 4 የዝቅተኛ ግፊት ቀዳዳዎች ያስፈልጋሉ፤ የሚሽከረከር አንገት ያለውና በአናቱ ላይ አምስተኛ ቀዳዳ የተጨመረበት ሲሆን ሥራው ይቀላል። ከመክፈልዎ በፊት ፈርስት ስቴጁን በጥንድ ሲሊንደር ላይ አስረው፣ ጓንት አጥልቀው መዝጊያዎቹን ያዙሩ። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ሻጭ ይፈልጉ።

ጥሩውን ሴከንድ ስቴጅ (አፍ ላይ የሚደረገው የሬጉሌተር ክፍል) ለራስ፣ ርካሹን ለመጠባበቂያ የማድረግ ልማድም እዚህ ላይ ይፈርሳል። በቴክኒካል ዳይቪንግ ጋዝ ላለቀበት ባልንጀራ የሚሰጠው አፍ ላይ ያለው ሲሆን፣ ሰጪው ወደ አንገቱ መጠባበቂያ ይዞራል። የደነገጠ ሰው በኃይል ስለሚተነፍስ ሁለቱም በጥልቀት እኩል ብቁ መሆን አለባቸው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 250 ሬጉሌተርን በ50 ሜትር ጥልቀት በደቂቃ 62.5 ሊትር እያስተነፈሰ ይፈትናል። ይሁንና ውድ ሬጉሌተር አየሩን አያቀጥነውም። የሚተነፈሰው ጋዝ እፍግታ ቢቻል በሊትር ከ5.2 ግራም፣ ቢበዛ ከ6.2 ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ ተራ አየር ደግሞ በ30 ሜትር አካባቢ የመጀመሪያውን ወሰን ይነካል፣ በ40 ሜትር ሁለተኛውን ይሻገራል። ከዚያ በታች ሥራውን የሚያቃልለው በድብልቁ ውስጥ ያለው ሂሊየም ነው። የፈርስት ስቴጁ አሠራር ፒስተን ይሁን ወይስ ዲያፍራም የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈስሶበታል፤ ለእኔ ዋናው ፈርስት ስቴጁ ባላንስድ መሆኑ ነው፤ ያልሆነው ሲሊንደሩ እየጎደለ ሲሄድ አተነፋፈሱን ያከብዳል።

ስለ ቅዝቃዜ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። በሬጉሌተሩ ላይ >10 ዲግሪ የሚል ምልክት ካለ ከዚያ ለቀዘቀዘ ውሃ አልተፈተነም ማለት ነው። ለቀይ ባሕር ይህ አያስጨንቅም፤ በስኮትላንድ ስካፓ ፍሎው በ1919 ራሳቸውን ያሰጠሙትን የጀርመን የጦር መርከቦች ለማየት ለሚሄድ ግን ውኃ እንዳይገባበት የታሸገ ፈርስት ስቴጅ ያስፈልገዋል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አሮጌውን ሬጉሌተር ለዲኮምፕሬሽን ጋዝ መመደብ ነው። ይህ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ከ21 ሜትር ጀምሮ የሚተነፈስ 50 በመቶ ኦክስጅን ወይም በ6 ሜትር የሚተነፈስ ንጹሕ ኦክስጅን ይይዛል። ቫልቩ በድንገት ሲከፈት ጋዙ በቱቦው ጫፍ ላይ ታምቆ ይግላል፤ እዚያ የቅባት ቅሪት ወይም የሲሊኮን ግሪስ ካገኘ እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከ40 በመቶ በላይ ለሆነ ኦክስጅን የሚውል ሬጉሌተር ለኦክስጅን ተብሎ የጸዳ፣ ኦሪንጎቹም ግሪሱም ለዚያው የተስማሙ መሆን አለባቸው፤ ቫልቩም ሁልጊዜ በዝግታ ይከፈት። በቀላልነቱ የሚወደደው ቲታኒየም በኦክስጅን ውስጥ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ለዚህ ሥራ አይሆንም። አንዴ የጸዳውን ሬጉሌተር ለአንድ ቀን ብሎ ከተራ አየር ሲሊንደር ጋር ማሰርም ንጽሕናውን ሊያስቀር ይችላል፤ ከመጭመቂያ የሚመጣ የዘይት ብናኝ በዓይን አይታይምና። በአውሮፓ ኦክስጅኑ ከ22 በመቶ ለበለጠ ጋዝ ኤም26 የተባለ ሌላ ጥርስ ያለው ማያያዣ በደረጃ ስለተወሰነ፣ ወደዚያ የሚጓዝ ሰው ሲሊንደሩን የሚያከራየውን ድርጅት አስቀድሞ ይጠይቅ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ። ድራይ ሱት በትንሽ የአርጎን ሲሊንደር የሚነፋ ሰው በዚያ ፈርስት ስቴጅ ላይ ሴከንድ ስቴጅ አያስርም። በተለመደው አሠራር ፈርስት ስቴጁ ውስጡ ሲያፈስ የተጠራቀመው ግፊት በሴከንድ ስቴጁ በኩል ይተነፍሳል፤ እዚህ ግን መውጫ ስለሌለው ቱቦውን ሊያፈነዳ ይችላል። ስለዚህ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ መግጠም ግድ ነው።

በመጨረሻም አራት ሬጉሌተር ከአራት ፋብሪካ መሰብሰብ ርካሽ ቢመስልም አራት ዓይነት መለዋወጫና አራት ዓይነት ባለሙያ ይጠይቃል። አዲስ አበባ እየኖረ ለመጥለቅ ወደ ጅቡቲ ወይም ወደ ግብጽ ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሰርቪስ የሚያደርግለትን ማግኘት ራሱ ጉዞ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆኑለት አንድ ጥቅል መለዋወጫ ይበቃዋል። ከዚያው ጋር በዊንጉ መንፊያ ቱቦ ጫፍ የሚሰካውን የመካከለኛ ግፊት (ፈርስት ስቴጁ ለቱቦዎቹ የሚሰጠው ግፊት) መለኪያ ይግዛ። ቫልቩን ከፍቶ፣ ሴከንድ ስቴጁን ጥቂት ጊዜ አስተንፍሶ መርፌውን ይመልከት፤ በብዙዎቹ ላይ ከ9 እስከ 10 ባር አካባቢ ቆሞ መቅረት አለበት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚሳብ ከሆነ የውስጡ መቀመጫ እያለቀ ነው፤ አተነፋፈሱ ምንም ያህል ቢመች ያ ሬጉሌተር ሰርቪስ እስኪደረግ ድረስ ውሃ አይገባም።