ሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ፦ ከአምስት ለአምስት ይዘናቸው የምንገባ ስህተቶች

የፊባ (የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) የሦስት ለሦስት የዓለም ቱር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያፋልመው አገሮችን ሳይሆን ከተሞችን ነው። ሜዳው ግማሽ፣ ቅርጫቱ አንድ፣ ጨዋታው 10 ደቂቃ። ቀድሞ 21 የገባ ሰዓቱን ሳይጠብቅ ያሸንፋል። አምስት ለአምስት የሚችል ሰው ይሄ የሚከብደው አይመስለውም። ሰፈር ውስጥ ቡድን ልታቋቁሙ ካሰባችሁ ግን ከወዲሁ መተው ያለባችሁ ልማዶች አሉ።

ትልቁ ስህተት አስቆጥሮ መቆም ነው። በአምስት ለአምስት ተጋጣሚ ከመስመር ውጪ ወጥቶ ኳስ እስኪያስገባ ድረስ ትንሽ ትንፋሽ ይገኛል። እዚህ የለም። ኳሷ ከመረቡ ስትወርድ ተጋጣሚ እዚያው ከቅርጫቱ ሥር ያነሳታል። እያነጠረ ወይም አቀብሎ ከቅስቱ መስመር (በቅርጫቱ ዙሪያ ካለው የሩቅ ውርወራ መስመር) ካወጣት በኋላ ወዲያው ሊወረውር ይችላል። ያለው 12 ሰከንድ ስለሆነ አይጠብቃችሁም። ከቅርጫቱ ሥር ባለው ግማሽ ክብ ውስጥ ደግሞ ኳሷን ለመንጠቅ መሞከር ክልክል ነው። ስለዚህ ያስቆጠረው ልጅ ራሱ ኳሷ ገባች አልገባች ብሎ ሳያይ ዞሮ ወደ ቅስቱ መሮጥ አለበት። የልምምዳችሁን ግማሽ ለዚህ ብቻ ብትሰጡት አያስቆጭም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። ሪባውንድ (ስታ የተመለሰች ኳስ) የያዘ ተከላካይ በደመ ነፍስ መልሶ ይወረውራል። አይቆጠርለትም። መጀመሪያ ሁለት እግሩም ከቅስቱ ውጪ መሆን አለበት።

ሌላው የሩቅ ውርወራን መናቅ ነው። ከቅስቱ ውስጥ 1፣ ከውጪ 2 ነጥብ። እጥፍ ማለት ነው! ከሩቅ ከ10 ሙከራ 4 ያገባ 8 ነጥብ አለው፤ ከቅርብ 7 ያገባ ግን 7 ብቻ። በፓሪስ 2024 የወንዶች ፍጻሜ ጭማሪ ላይ ፈረንሳይ በ1 ነጥብ ስትመራ፣ የኔዘርላንዱ ወርዚ ደ ዮንግ ከሩቅ ወርውሮ ጨዋታውን 18 ለ 17 ዘጋው። በጭማሪ ቀድሞ 2 ነጥብ ያገኘ ያሸንፋልና፣ እዚያ ሰዓት ለወርዋሪ ክፍተት መስጠት ጨዋታውን መስጠት ነው።

አሰልጣኝን መጠበቅም ይቅር። በቱሩ ጨዋታ ላይ ከጎን ሆኖ የሚመራ አሰልጣኝ የለም። አራት ተጫዋቾች ብቻ፣ ሦስቱ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ተቀያሪ። ኳስ ሲቆም የሚወጣው ከሜዳ ወጥቶ የሚገባውን በእጁ ይነካዋል፤ በቃ፣ የዳኛ ፈቃድ አያስፈልግም። ለዚህ ነው ስም ያላቸውን ልጆች ለአንድ ውድድር ብቻ ሰብስቦ መሄድ የማያዋጣው። በተጫዋቹ ዱሻን ቡሉት የሚታወቀው የሰርቢያው ኖቪ ሳድ ቱሩን በ2014፣ 2015፣ 2018 እና 2019 ያሸነፈው አብረው በቆዩ፣ ዓይን ለዓይን በሚግባቡ ልጆች ነው።

ፋውል ላይ ብዙዎች ይዘናጋሉ። በግል ፋውል ብዛት ከሜዳ የሚወጣ ስለሌለ ዝም ብለው ይመታሉ። የቡድኑ ፋውል ግን ይደመራል። ከ7ኛው ጀምሮ ተጋጣሚ ሁለት የቅጣት ውርወራ ያገኛል፤ ከ10ኛው ጀምሮ ከውርወራው በኋላ ኳሱም የሱ ነው።

በመጨረሻም፣ በምድብ ጨዋታ እየተመራችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ቡድኖች በድል እኩል ሆነው እርስ በርስ ውጤትም ካልተለያዩ የሚታየው የነጥብ ልዩነት ሳይሆን በአማካይ ያስቆጠሩት ነጥብ ነው። 19 ለ 11 እየተመራችሁ የምታገቧት ኳስ እንኳን ወደ ቀጣዩ ዙር ልታሳልፋችሁ ትችላለች።