ሐረር ሲደርሱ ቀለም የሚያፈስ ብዕር፦ ችግርና መፍትሄ

ከድሬዳዋ በነጭ ሸሚዝ ተነስቶ ሐረር ሲደርስ ኪሱን ሰማያዊ ሆኖ ያገኘ ሰው ከጠርሙስ ቀለም የሚሞላ ብዕሩን አይርገም። እኔ በዚሁ ምክንያት አንድ ደህና ብዕር ተበላሽቷል ብዬ ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ብዕሩ ጤነኛ ነበር።

ከመንገድ በኋላ ክዳኑ ውስጥ ቀለም ተጠራቅሞ ከተገኘ ጥፋቱ የአየር ነው። ድሬዳዋ ከባህር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። መኪናው የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ በቀለም መያዣው ውስጥ የታሰረው አየር ይሰፋና ቀለሙን በጫፉ በኩል ይገፋዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል አየሩ ከመቶ ስምንት እጅ ገደማ ይሰፋል። 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መያዣ ግማሹ አየር ከሆነ አንድ ጠብታ የሚጠጋ ቀለም ይወጣል፤ ለነጭ ሸሚዝ አንድ ጠብታ ይበቃል።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ ከመነሳትዎ በፊት ብዕሩን እስከ አፉ ይሙሉት፣ አለበለዚያ ባዶ ያድርጉት። ጫፉን ወደ ላይ አድርገው በደረት ኪስ ያቁሙት፤ ያኔ አየሩ ወደ ጫፉ ስለሚወጣ ቀለሙን ሳይገፋ ያመልጣል። ቦርሳ ውስጥ ማጋደም ግን ክፉ ልማድ ነው። ሲደርሱም እንደ ቆመ ከፍተው በለስላሳ ወረቀት ይጥረጉት።

ሳይጓዙ፣ እየጻፉ ሳለ ቢንጠባጠብስ? ቀለሙ ወደ ማለቁ ሲቃረብ የእጅ ሙቀት ብቻ አየሩን ያሰፋዋል፤ በድሬዳዋ ቀትር ይብሳል። በተለይ ቀለሙ በቀጥታ በዘንጉ ውስጥ የሚሞላ ከሆነ ቀለሙ ወደ ሲሶ ሳይወርድ ይሙሉት።

ጣት የሚያቆሽሽ ከሆነ መጋጠሚያውን ይመልከቱ። ከላላ ያጥብቁት፤ ከተሰነጠቀ ክፍሉን መቀየር እንጂ ማጣበቂያ አይዘልቅም።

አልጽፍ ሲል ብዕሩን የሚያራግፉ ሰዎች ግድግዳና ጎረቤት ያቆሽሻሉ። እምቢ ያለው የደረቀ ቀለም ስለዘጋው ነው፤ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ይጠቡት። ሙቅ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምማል። ከጥላሸት የሚዘጋጀውን የብራና ቀለም ፈጽሞ አይሙሉበት፤ ለመቃ ብዕር የተሠራ ነው፣ የዚህኛውን ቀጭን መተላለፊያ ይደፍናል።

ጠርሙሱን ሰፊ ሳህን ውስጥ አስቀምጠው ይሙሉ። ልብስ ላይ ከፈሰሰ አይሹት፤ በደረቅ ጨርቅ እየተጫኑ ያስመጥጡት፣ ከዚያ ሳይደርቅ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ያፍስሱበት።